አባዬ፣ ቦቲ ልኬልሃለሁ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት።

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሐሳቤ ግን አንተው ጋ ነው።

የጥምቀት ዕለት ታቦት ስንሸኝ ሦስት ጊዜ ቁጭ ብለህ አረፍክ። «እርጅና ነው ልጄ» አልከኝ። በማግስቱ ፀሐይ ላይ የታችኛውን የዓይንህን ቆብ ዝቅ አድርጌ አየሁት። ውስጡ ደም አልነበረውም፤ ነጭ ነው።

አምና ክሊኒክ ሄደህ ሄሞግሎቢንህ 9 ነው ተባልክ። ለወንድ ከ13 በታች የደም ማነስ ነው። የብረት ኪኒን ሰጥተው ሸኙህ። ደሙ የት እንደሚሄድ የጠየቀ የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በተሸነቆረ እንስራ ውሃ መቅዳት ማለት እኮ ነው።

እዚህ ላብራቶሪ ከቆላ፣ ከመስኖ አገር በሚመጣ ሰው ሰገራ ላይ የመንጠቆ ትል እንቁላል አያለሁ። እንቁላሉ ሞቃትና እርጥብ አፈር ላይ ይፈለፈላል። የሚፈለፈለው ትንሹ ትል በባዶ እግር ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ሽንኩርት ስታጠጣ የጣቶችህን መሃል የሚያሳክክህ እሱ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በደም ሳንባ ይደርሳል፣ ጉሮሮ ይወጣል፣ ተውጦ አንጀት ይገባል። አንጀት ነክሶ ደም ይመጥጣል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ስለሚተፋ የነከሰው ቦታም መድማቱን ይቀጥላል። የባሰው ዓይነት አንዱ ትል ብቻ በቀን 0.2 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ያሳጣል። መቶ ቢሆኑ በሦስት አራት ቀን አንድ የቡና ስኒ ደም ሄደ ማለት ነው። ብረቱም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ በጠዋት ጤና ጣቢያ ሂድልኝ። ሰገራውን እዚያው ስጥ፤ ከቆየ እንቁላሉን ማግኘት ያስቸግራል። ወንዝ ስለምትሻገር ቢልሃርዚያም ይታይልህ። የመንጠቆ ትል ከተገኘ አልቤንዳዞል የሚባል የትል መድኃኒት ይሰጡሃል። ካልተገኘ ግን ቶሎ እኔ ጋ ና፤ በአንተ ዕድሜ ሌላ የውስጥ መድማት እንዳይኖር መታየት አለበት። የብረት ኪኒኑን ከቡና ጋር አትውሰደው።

የወንድሜን ሚስትም ይዘሃት ሂድ። እሷም በባዶ እግሯ ነው የምታርመው። ነፍሰ ጡር መሆኗን ትንገራቸው፤ ደም አንሷት ወሊድ ላይ ብትደርስ አደጋ ነው።

ሽንኩርት ነቀላ የሚመጡት የቀን ሠራተኞች ቦዩ ዳር ነው የሚጸዳዱት። ምን ያድርጉ፣ ሽንት ቤት የላቸውም። ማሳው ጫፍ ላይ ጉድጓድ እናስቆፍርላቸው፤ ወጪው በእኔ። አለዚያ መድኃኒቱን ውጠህ በወሩ ያው ትል ይመለስብሃል።

ቦቲውን ለሚኒባስ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ፤ ቅዳሜ መናኸሪያ ተቀበለው። ቁጥሩ 42 ነው። ትንሽ ቢሰፋህም በወፍራም ካልሲ ይሆንሃል።

ልጅህ