ጅብ ከሄደ የሚሰጥ ድምፅ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት

ለተከበሩ የምክር ቤቱ ሊቀመንበርና አባላት

ጉዳዩ፦ የ2028 የፕሬዚዳንት ዕጩዎች ቅድመ ምርጫን ይመለከታል

በ2024 ባይደንም ትራምፕም ለዕጩነት የሚበቃቸውን የልዑካን (በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን የሚሰይሙ ተወካዮች) ቁጥር የሞሉት ማርች 12 ነው። ቨርጂንያ ማርች 5 መርጣ ጨርሳለች። የዲሲ መራጭ ወረቀቱ ላይ ያለውን ክብ ያጠቆረው ጁን 4፣ ነገሩ ካለቀ ከ12 ሳምንት በኋላ። ሪፐብሊካኖቹማ የከተማውን ቀን ትተው ከማርች 1 እስከ 3 አንድ ሆቴል ውስጥ የራሳቸውን ምርጫ አካሄዱ፤ ድምፅ የሰጠውም 2,000 ያህል ሰው ብቻ ነበር።

ስለዚህ ቀኑ ይቀየር። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2008 ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂንያ በአንድ ቀን መርጠው ያውቃሉ፤ «የፖቶማክ ቅድመ ምርጫ» ይባል ነበር። አሁን ፌብሩዋሪ አይሆንም፤ ፓርቲዎቹ ከተፈቀደላቸው ጥቂት ስቴቶች በቀር ቀድሞ የመረጠውን ልዑካኑን ቀንሰው ይቀጣሉ። የማርች የመጀመሪያው ማክሰኞ ግን ክፍት ነው። የምክር ቤት መቀመጫዎች ቅድመ ምርጫ ጁን ላይ ሲቀር ወጪው እንደሚጨምር አይጠፋንም፤ ሁለት ጊዜ ፖስታ፣ ሁለት ጊዜ ሠራተኛ ነው። የማርቹ ወረቀት አንድ ውድድር ብቻ ስለሚይዝ በፖስታና በጥቂት ጣቢያዎች ሊያልቅ ይችላል።

ኖቬምበር 2024 ሕዝቡ ያጸደቀው ኢኒሼቲቭ 83 ሁለት ነገር ነበረው፦ ዕጩዎችን በደረጃ፣ 1ኛ፣ 2ኛ እያሉ እስከ አምስት፣ መምረጥ፣ እና ፓርቲ ያላስመዘገበ መራጭ በአንዱ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ እንዲሳተፍ መፍቀድ። በ2025 ለመጀመሪያው በጀት መደባችሁ፣ ሁለተኛውን ተዋችሁት። የተተወው አማርኛ ተናጋሪውን ይበልጥ ይጎዳል፤ ሰበቡም አንድ ቃል ነው። በመራጭ ምዝገባው ፎርም ስለ ፓርቲ የሚጠይቀው መስመር ወደ አማርኛ ሲመጣ «አባልነት» ተብሎ ይሰማናል። አባልነት ደግሞ እኛ ዘንድ መታወቂያ ነው፣ መዋጮ ነው፣ ስብሰባ ነው፤ ዘመን ሲገለበጥም ያስጠይቃል። ሰው «ፓርቲ የለኝም» የሚለው ላይ ምልክት ያደርግና ይገላገላል። የምርጫው ዕለት የፕሬዚዳንት ወረቀት አይሰጠውም። ፓርቲ ማስቀየር የሚቻለው ከ21 ቀን በፊት ነውና። አዲስ ተመዝጋቢ ግን እዚያው ጣቢያ ተመዝግቦ፣ ፓርቲ መርጦ፣ ድምፁን ሰጥቶ ይወጣል! አሥር ዓመት የተመዘገበው ቆሞ ያየዋል።

በጀቱ እስኪገኝ የአማርኛው ፎርም «በየትኛው ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ድምፅ መስጠት ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቅ። ከሥሩም «መዋጮም ሆነ ግዴታ የለውም» ተብሎ ይጻፍ። የ21 ቀኑ ገደብ ሳይደርስ «ፓርቲ የለኝም» ላለ ሁሉ ማሳሰቢያ ካርድ በፖስታ ይላክ።

ቆጠራውን ደግሞ አደራ። ዴሞክራቶች ልዑካን የሚያካፍሉት 15 በመቶና ከዚያ በላይ ላገኘ ብቻ ነው። በ2020 ብዙ ስቴቶች በአንድ ቀን የሚመርጡበት ሱፐር ቱዝዴይ ሁለት ቀን ሲቀረው ከዴሞክራት ተወዳዳሪዎቹ ቡተጀጅ፣ በማግሥቱ ክሎቡቻር ከውድድር ወጡ፤ ቀድሞ በፖስታ የመረጣቸው ሰው ድምፅ ባከነ። በዚያው ዓመት የአላስካ፣ የሃዋይ፣ የካንሳስና የዋዮሚንግ ዴሞክራቶች በደረጃ ስላስመረጡ እንዲህ ያለው ድምፅ ወደ ሁለተኛው ምርጫ ይዛወር ነበር።

ለከንቲባ ሲቆጠር ከታች እየተቀነሰ አንድ ሰው ከግማሽ በላይ እስኪያገኝ ይኬዳል። ለፕሬዚዳንት ቅድመ ምርጫ ግን የቀሩት ሁሉ 15 በመቶ እንደሞሉ መቆም አለበት። ከ100 ድምፅ ሀ 44፣ ለ 33፣ ሐ 13፣ መ 10 አገኙ እንበል። መ ይወጣል። ከ10ሩ ስድስቱ ወደ ሐ፣ ሦስቱ ወደ ለ፣ አንዱ ወደ ሀ ቢሄድ 45፣ 36፣ 19 ይሆናል፤ ሦስቱም ልዑካን ይካፈላሉ። ሶፍትዌሩ በከንቲባው ደንብ ከቀጠለ ግን ሐን ይጥለውና 19 ድምፅ የያዘው ሐ ልዑክ አልባ ይቀራል። መቆሚያው በሕጉ ውስጥ በቁጥር ይቀመጥ።

አንዱን ዕጩ አምስቱም ደረጃ ላይ ማጥቆር ድምፁን እንደማያበዛ መመሪያው በሥዕል ያሳይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ፓርቲዎች የልዑካን አመራረጥ ዕቅዳቸውን የሚያቀርቡት ከምርጫው በፊት ባለው ዓመት ነው። የቀኑ ጉዳይ 2027 ሳይጋመስ ውሳኔ ይፈልጋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አማርኛ ተናጋሪ የዲሲ መራጮች