የአያቴ ስም ይፋቅ ወይ?

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለዚያ ለመስተፋቅር ጸሐፊዬ፤

እንደምን ከርመሃል? አራት ዓመት ጠፍቼ፣ ለእናትህ ለቅሶ እንኳ ሳልደርስ፣ ዛሬ ጉዳይ ሲገጥመኝ መጻፌ ያሳፍራል። አፍሬያለሁ። ስንገናኝ ትሰድበኛለህ፤ አሁን ግን ስማኝ።

ባለቤቴ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ደሟ ኦ ኔጌቲቭ፣ የኔ ፖዘቲቭ ሆኖ በ28ኛው ሳምንት የሾተላይ መርፌ ተወጋች፣ የናት ደም ከልጅ ደም ጋር እንዳይጣላ የሚሰጠውን፤ የልጁ ደም ፖዘቲቭ ከሆነ ከወለደች በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገምላታል። ለኔ ነገሩ በዚህ አልቆ ነበር። እማዬ ግን ሾተላይ የሚል ቃል ጆሮዋ ሲገባ የአያቴን ክታብ በነጠላ ጠቅልላ ከጎንደር ከተፍ!

ያን ከአልጋዋ ራስጌ የሚንጠለጠለውን፣ ስንነካው የምትቆነጥጠንን። ማኅደሩን ፈታሁት። የሰው ቁመት የሚያህል ብራና፤ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረሱ ሆኖ ያችን ሕፃናት ገዳይ ወርዘልያን በጦር ይወጋል፤ ከሥሩ እነዚያ የሚያፈጡ ዓይኖች። በየመሐሉ «ዕቀባ ለአመትከ ወለተ ማርያም»፣ አገልጋይህን ወለተ ማርያምን ጠብቃት፣ እያለ የአያቴን ክርስትና ስም ይጠራል። አያቴ ከበኩር ልጇ በኋላ አራት ቀብራ ነው ያስጻፈችው። ከዚያ የተወለደችው እማዬ ኖረች።

ለሐኪሙ ይህን ባጫውተው የእማዬን ደም እናስመርምር አለኝ። ኔጌቲቭ! «አያትህ ኔጌቲቭ ከነበሩ፣ እናትህ በሳቸው ወጥተው ነው የተረፉት» አለ። ለእማዬ ብነግራት «ታዲያ ደሜን እንዲያ ያደረገው ማን ሆነና?» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

አሁን የአያቴ ስም ተፍቆ የሚስቴ ክርስትና ስም ይጻፍበት ትላለች። አንተ ብራና ስትፍቅ አይቻለሁ፣ እንደሚለቅ አውቃለሁ። እኔ እንኳ አላምንበትም… እንጃ፣ ሌሊት እየተነሳሁ አየዋለሁ። «አስማት ማለት በግዕዝ ስሞች ማለት ነው» ያልከኝ ትዝ ይለኛል። ስሟን ከፋቅነው አያቴ ምኗ ይቀራል? ባለቤቴ ደግሞ መጀመሪያ ስትስቅብን ነበር፤ ትናንት ክታቡን ከትራሷ ሥር አገኘሁት። አላየሁም ብዬ መለስኩት።

እማዬ ስትመለስ ይዛልህ ትምጣ? ሳይፋቅ ከጎኑ የሚጨመርበት መላ ካለ እሱን አድርግልኝ። ሒሳቡን፣ ያኔ በሦስት ብር ከጻፍክልኝ መስተፋቅር ላይ አቻችለው፤ ልጅቷን ለሌላ ነው የዳረልኝ።

እማዬ «ያ ቀበጥ ደህና ነው?» ትላለች።

ወንድምህ