የጤና ተማሪዎች ያዩትን ስህተት ሳይፈሩ የሚናገሩበት ዋስትና ያስፈልጋቸዋል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

የዓለም የታካሚዎች ደኅንነት ቀን እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ጤና ጉባኤ ከተሰየመ ወዲህ በየዓመቱ መስከረም 7 ቀን ይታሰባል። በዕለቱ ስለ ሐኪሞችና ስለ መሣሪያዎች ሲወሳ እሰማለሁ፤ በየዋርዱ ከታካሚው አልጋ አጠገብ ረጅም ሰዓት ስለሚያሳልፉት የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የሚድዋይፈሪና የፋርማሲ ተማሪዎች ግን እምብዛም አይነሳም። የነርሲንግ መምህርት እንደመሆኔ መጠን ይህንን ጉዳይ በጋዜጣችሁ በኩል ለኮሌጆችና ለማስተማሪያ ሆስፒታሎች ኃላፊዎች ላቀርብ ወደድሁ።

የተማሪዎቻችን ዋና ችግር የዕውቀት ማነስ ነው ብዬ አላምንም። ለከባድ ፕሪክላምፕሲያ (በእርግዝና ጊዜ ለሚከሰት ከደም ግፊት መጨመር ጋር ለተያያዘ አደገኛ ሕመም) የሚሰጠውን ማግኒዥየም ሰልፌት እንውሰድ። በማዋለጃ ክፍል የተመደበ ተማሪ 50 በመቶ የሆነው መድኃኒት ሳይበረዝ በደም ሥር እንደማይሰጥ ያውቃል። ቀጣዩ መጠን ከመሰጠቱ በፊት እናቲቱ በደቂቃ ቢያንስ 16 ጊዜ መተንፈሷ፣ የጉልበቷ ሪፍሌክስ (ጉልበቷ በቀስታ ሲመታ እግሯ በራሱ መንቀሳቀሱ) መኖሩና ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አለማነሱ መረጋገጥ እንዳለበት፣ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔትም በቅርብ መቀመጥ እንዳለበት ሲጠየቅ ሳይደናቀፍ ይመልሳል። ነገር ግን በሌሊት ተራ ላይ፣ በሥራ ብዛት የተዳከመ ሲኒየር (የበላይ ባለሙያ) ሪፍሌክሱን ሳያይ መድኃኒቱን ሊሰጥ ሲል ያው ተማሪ «ይቅርታ፣ ሪፍሌክሱ ገና አልታየም» ብሎ ያስቆመዋል ወይ? ብዙዎቹ ዝም እንደሚሉ በግልጽ ይነግሩኛል፤ ነገ ውጤታቸውን የሚሞላላቸው ያው ሰው ነውና።

ይህንን ፍርሃት ከግዴለሽነት መቁጠር ተገቢ አይደለም። ለታላቅ መልስ አለመስጠት ከቤት ጀምሮ የተማርነው ጨዋነት ነው፤ ባለሙያዎች ታካሚዎችን እየዞሩ በሚያዩበት ራውንድ ላይ በታካሚ ፊት የተዘለፈ ተማሪም ሁለተኛ አይጠይቅም። ችግሩ በእኛ አገር ብቻ የተወሰነ አለመሆኑን በካናዳ ኦንታሪዮ በአዲስ ተመራቂ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ፋርማሲስቶች ላይ የተደረገ ጥናት ያሳያል፤ ተመራቂዎቹ እንደ ኢንፌክሽን መከላከል ባሉት የሙያ ክህሎቶች የሚሰማቸው መተማመን በቡድን ሥራና በመሰል ጉዳዮች ከሚሰማቸው የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ለጤና ትምህርት ቤቶች ባወጣው የታካሚ ደኅንነት ሥርዓተ ትምህርት መመሪያ ውስጥ ካሉት 11 ርዕሶች መካከል የቡድን ሥራና ከስህተት መማር ራሳቸውን ችለው የተቀመጡትም ያለ ምክንያት አይደለም።

በቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ላይ፣ ቆዳው ከመከፈቱ በፊት በክፍሉ ያሉት ሁሉ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን እንዲናገሩ ይጠየቃል። ይህ ለሥነ ሥርዓት ማማር የገባ አይደለም፤ አንዴ ድምፁ የተሰማ ሰው፣ ተማሪም ቢሆን፣ ኋላ አደጋ ሲያይ ለመናገር ይቀለዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነውና በ8 ከተሞች ሆስፒታሎች የተካሄደው ጥናት ዝርዝሩ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የሞት መጠን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። ዝርዝሩ እንደ ቅጽ ብቻ ምልክት እየተደረገበት ሲታለፍ ግን ተማሪው የሚማረው ተቃራኒውን ነው።

ስለዚህ የተግባር ልምምድ ውጤት የሚሰጠው ሰውና የስህተት ሪፖርት የሚቀበለው አካል ይለያዩ። ተማሪዎች ያዩትን ስህተት፣ ታካሚውን ሳይጎዳ ለጥቂት የታለፈውንም ጭምር፣ ስማቸውን ሳይጽፉ ለሆስፒታሉ የጥራት ክፍል እንዲያሳውቁ ይፈቀድላቸው፤ ሞርኒንግ በምንለው የጠዋት ስብሰባም ጥፋተኛ ሳይፈለግ ጉዳዩ ይመርመር። በተግባር ፈተና ላይ መምህሩ ሆን ብሎ የተሳሳተ ትእዛዝ የሚሰጥበት አንድ ጣቢያ (ተማሪዎች ተራ በተራ የሚፈተኑበት ቦታ) ቢጨመርና ተማሪው በአክብሮት በማስቆሙ ነጥብ ቢያገኝ፣ የጽሑፍ ፈተና ሊለካው የማይችለውን እንለካለን። ለዚህ አዲስ ሕንፃም ሆነ የተለየ በጀት አያስፈልግም፤ የግምገማ ቅጹን ማሻሻል በየኮሌጁ እጅ ያለ ሥራ ስለሆነ ተማሪዎች ለሚቀጥለው የተግባር ልምምድ ከመመደባቸው በፊት ሊጠናቀቅ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የነርሲንግ መምህርት
ከአዲስ አበባ