የሥነ ጽሑፍ ክበብ፦ ግጥም ስናርም የከረምንበት ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን ትልቅ ዕድል ገጠመው። ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ አንዲት ገጣሚ ወደ ቤተ መጻሕፍታችን እየመጡ ተማሪዎቻችንን ግጥም አስተማሩልን። ስማቸውን በመጽሔቱ እንዳላወጣ አደራ ብለውኛል፤ አደራቸውን ጠብቄያለሁ። በወላጆች በዓል መጥቶ፣ ግጥሙን አቅርቦ፣ ተጨብጭቦለት የሚሄድ እንግዳ ብዙ አይተናል። እኚህ ግን ከኅዳር እስከ ግንቦት ከልጆቹ ጋር ክብ ሠርተው ተቀመጡ። የራሳቸውን ግጥም ያነበቡልን በመጨረሻው ቀን ነው፤ እሱም ልጆቹ ለምነዋቸው።

ሥራው የተጀመረው ከጆሮ ነበር። ልጅ ሆነን በቡሄ የጨፈርነውን ሆያ ሆዬ፣ ጠረጴዛ እየመታን እንድንል አደረጉንና ቀለሙን፣ ማለትም ስንለው ለጆሮ የሚለየውን እያንዳንዱን የድምፅ ክፍል፣ አስቆጠሩን። አራት፣ ትንሽ ዕረፍት፣ አራት፤ ቡሄ በሉ ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት ይኸው ነው። ቀጥሎ አምስት በአምስት የሚሄደው ሰንጎ መገን መጣ፣ ከዚያ ስድስት በስድስት የሚሄደው የወል ቤት፣ በመጨረሻም በሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ስም የሚጠራው ስምንት በስምንት። ብዙዎቹ መጀመሪያ ፊደል ይቆጥሩ ነበር። «ምድር» በፊደል ሦስት ሆኖ በቀለም ግን ሁለት መሆኑ ከገባቸው በኋላ፣ የተሰበረ ስንኝ ሲነበብ ራሳቸው ያቋርጡ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ሁሉ ማረም ሆነ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስለ አባቷ ጽፋ መጣች፤ አባቴ ጀግና ነው፣ ውለታው አይከፈልም የሚል ግጥም ነበር። ገጣሚዋ አላሞገሱም፣ አልነቀፉምም። «አባትሽ ሌሊት የት ነው የሚያድሩት?» አሉ።

«ሥራ ላይ ነው የሚያድረው፤ ዘበኛ ነው።»

«ታዲያ እሱ ግጥምሽ ውስጥ የታለ፣ ልጄ?»

ልጅቷ ዝም ብላ ደብተሯን አጠፈች፤ ትቀየማለች ብዬ ሰግቼ ነበር። በሳምንቱ ያመጣችው የወል ቤት እንዲህ ይጀምራል (እሷም አባቷም እንዲታተም ፈቅደዋል)፦

አባቴ ሌሊቱን የሰው ደጅ ሲጠብቅ፣
አልጋው ግን በኛ ቤት እንቅልፉን ሲናፍቅ፣

ክበቡ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ግን እዚያው ላይ «ግን» ያስፈልጋል ወይስ ቀለም ለመሙላት ብቻ የገባ ነው የሚል ክርክር ተነሣ፤ እስኪመሽም አላለቀ። እንዲህ ያለ ክርክር በአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች መካከል መስማት ለአማርኛ መምህር ምን ያህል ደስታ እንደሆነ ለባልደረቦቼ መንገር አያስፈልገኝም።

አሠራሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል (አስቦ ያዘጋጃል ማለት ነው)፣ ከየኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ ይታረምለታል፣ ተመልሶ ደግሞ ይቆጥራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተውኔት ያስተማሩት ባለቅኔው መንግሥቱ ለማ የቅኔ ሊቁ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ናቸው። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ደበበ ሰይፉም ከግጥም መድበሎቻቸው ሌላ በ1973 ዓ.ም. ስለ አማርኛ ሥነ ግጥም የማስተማሪያ መጽሐፍ አሳትመዋል። ማስተማር ገጣሚን ከሥራው ያናጥበዋል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። እንግዳችን የአንድን ልጅ ስንኝ ሲያርሙ የሚያደርጉት ጥንቃቄ በራሳቸው ግጥም ላይ ከሚያደርጉት ያነሰ አልነበረም።

በገና ዕረፍት ልጆቹ ከአያቶቻቸው ሙሾ፣ እንጉርጉሮና የእረኛ ግጥም ሰብስበው መጡ። «እረኛ ምን አለ?» የሚባልበት አገር ልጆች ናቸውና ከዚህ ብዙ ተገኘ። አፋቸውን በአፋን ኦሮሞ የፈቱ ሁለት ተማሪዎች የአያቶቻቸውን ግጥም በቋንቋው አንብበው ትርጉሙን ነገሩን፤ ገጣሚዋም ምቱን ለመያዝ ደጋግመው አስነበቧቸው።

በጥርና በሰኔ ፈተና ስለነበረ አልተሰበሰብንም። በሚኒ ሚዲያ በዕረፍት ሰዓት የተነበቡት ግጥሞች ሁሉ ቢያንስ ሦስት ጊዜ የታረሙ ናቸው፤ ከእነሱ የተመረጡት በዚህ መጽሔት መጨረሻ ገጾች ላይ ታትመዋል። የልጅቷም ሙሉ ግጥም አብሮ አለ፤ «ግን»ን ለማስቀረት ወስናለች፣ በምትኩ ያስገባችውን እዚያው ታነባላችሁ።

ለመጪው ዓመት ምዝገባው በመስከረም በቤተ መጻሕፍቱ ይካሄዳል። ገጣሚዋ እንደሚመለሱ ቃል ገብተውልናል። የሚመዘገብ ተማሪ አንድ ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ ይዞ ይምጣ።