አባዬ፣ የቤተ ጊዮርጊስን አሸንዳ አየሁት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ ስደውል ጆሮዎ ግማሹን ይሰማል ግማሹን ይተወዋል፤ ይሄኛው ወሬ ደግሞ ግማሹ እንዲቀርብዎት አልፈለግኩም። እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎት። ቢደክምዎት ነገ ይቀጥላሉ።

ላሊበላ ሄጄ ነበር። ከዚያም ይምርሐነ ክርስቶስን ተሳልሜ፣ በመጨረሻ መቅደላ ወጣሁ። ሳልነግርዎት የሄድኩት ልምጣ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ቤተ ጊዮርጊስ ስደርስ ሰው ሁሉ ከላይ ቆሞ መስቀሉን ፎቶ ያነሳል። እውነትም ጣራው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹት መስቀሎች ዓይን አይጠግባቸውም። እኔ ግን የግንበኛ ልጅ ነኝና ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጬ ውሃው በየት እንደሚወርድ ፈለግኩ። ልጅ ሳለሁ አዲስ ቤት ባየን ቁጥር «መጀመሪያ ውሃውን እይ» ይሉኝ አልነበር? አገኘሁት። ከጣራው ጠርዝ ወጣ ያለ አሸንዳ አለ። ተሠርቶ የተለጠፈ እንዳይመስልዎት፤ ሲጠርቡ እንዳለ የተዉት፣ ከዚያው አለት ያልተለየ ድንጋይ ነው።

እስቲ ያስቡት አባዬ። ሰዎቹ ከላይ ወደ ታች እየቆፈሩ ወደ 12 ሜትር ወርደዋል። ገና ጣራው ላይ ሳሉ ዝናቡ የት እንደሚፈስ፣ መስኮቱ የት እንደሚከፈት፣ በሩ የት እንደሚያርፍ ጨርሰው ያውቁ ነበር ማለት ነው። እኛ ግድግዳው ቢጣመም ቱምቢ ጥለን፣ ድንጋዩን አንስተን ሌላ እናስቀምጣለን። እዚያ ግን የወጣ ድንጋይ አይመለስም። መሮው አንዴ ከሳተ የሳተው ለዘለዓለም ይታያል። ከ800 ዓመት በኋላ ጫፉ ላይ ተቀምጬ የሳተ ብፈልግ አጣሁ። እርስዎ ቢኖሩ አንድ ሁለት ያገኙ ነበር፤ ለዚህም ነው ያለ እርስዎ መሄዴ የቆጨኝ።

ዮርዳኖስ የሚሉትን ወንዝም አይቻለሁ። አብያተ ክርስቲያናቱን ወዲያና ወዲህ የሚከፍለው እሱ ነው፤ መውረጃው አለት ተቆርጦ የተሠራ ነው። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በየፈፋውና በየዋሻ መንገዱ ተያይዘዋል፤ የክረምቱ ውሃም የራሱ መንገድ ተበጅቶለታል። ሰው ስለ ላሊበላ ሲያወራ መላእክት ሌሊት ሌሊት ያግዙ ነበር ይላል። እኔም አምናለሁ። ግን የውሃውን መንገድ ሳይ፣ ቀን ቀን የሠሩት ሰዎች ምን ያህል ክረምት ቁጭ ብለው ዝናቡን እንዳጠኑ ነው የታየኝ።

ደስ የማይለውንም ልንገርዎት። አለቱ እየተሰነጠቀ ነው። ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ውሃ ይጠጣል፤ ከጠጣ በኋላ ፀሐይ ሲያደርቀው ይፈረፈራል። በ2000 ዓ.ም. ግድም በአራት ቦታ ትልልቅ መጠለያ ተተክሎበታል፤ ቤተ መድኃኔ ዓለምን የሚያዩት አሁን በዚያ ጣራ ሥር ነው። ጊዜያዊ ተብሎ የቆመ ነው፣ አሁንም እንደቆመ ነው። በ2011 ዓ.ም. የከተማው ሰው ምሰሶው ይጫንብናል፣ ቅርሳችን ይጠገንልን ብሎ አደባባይ ወጥቷል። ዝናቡን መከልከሉ ጥሩ ነው፤ ግን መድኃኒቱ ስንጥቁ ውስጥ እንጂ ሰማይ ላይ አይደለም ባይ ነኝ። ድሮ ጣራዎቹን ሬንጅና ቀይ ቀለም የቀቧቸው ጊዜ ነበር፤ ውሃ እንዳይገባ ብለው። የገባው ግን መውጫ አጣ። በ1960ዎቹ የመጡት አዳሾች ያንን እያነሱ ብዙ ደክመዋል።

ይህን ስሰማ ያ ቀን ትዝ አለኝ። አንድ የእድሳት ሥራ ላይ ተቀጥረው፣ በአሮጌው የኖራ ግንብ መሐል ስሚንቶ ይገባል ሲባል እምቢ ያሉበት ቀን። ማታ ሲገቡ ጣትዎ በኖራ ተሰነጣጥቆ ነበር። እናቴ ቅቤ እየቀባችልዎት፣ «ስሚንቶው ይጠነክራል፣ ጎረቤቱን ድንጋይ ግን ያፍነዋል፤ ኖራ ይተነፍሳል፣ እነሱ አይሰሙም» አሉ። በማግስቱ እንዳይመጡ ተነገረዎት። ያኔ እልኸኛ መስለውኝ ነበር፤ የደብተር መግዣ ስላልነበረኝ ተናድጄብዎታለሁም። አባዬ፣ እርስዎ ትክክል ነበሩ። ዛሬ ቅርስ የሚጠግኑ አዋቂዎች ሁሉ የሚሉት እርስዎ ያኔ ያሉትን ነው።

ይምርሐነ ክርስቶስ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ከ4,200 ሜትር በላይ ከሚቆመው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ በጽድ መሐል ወጥተው ዋሻ ውስጥ ይገባሉ። ንጉሥ ላሊበላ የሠራው አለቱን ፈልፍሎ ነው፤ ከእሱ በፊት የነገሠው ይምርሐነ ክርስቶስ ግን ዋሻው ውስጥ ግድግዳ አቁሟል። አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት፤ የአክሱም አሠራር ነው። እጄን ግድግዳው ላይ ላሳርፍ ብዬ ካህኑን ፈቃድ ጠየቅኩ። ልስኑ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው፤ እንጨቱ ጋ ሲደርስ ጣት ትንሽ ትነቃለች፣ መጋጠሚያው ግን ጥፍር አያስገባም። ዋሻው ዝናብና ፀሐይ ስለከለከለለት ያን ሁሉ ዘመን ጸንቷል።

መቅደላን በእግሬ ወጣሁት። ግንብ ልፈልግ ብዬ ነበር፤ ምን ግንብ አለ! ዙሪያው ገደል ነው፣ አምባው ራሱ ግንብ ነው። የሚጠበቀው በሩ ብቻ ነበር፤ እንግሊዞች የገቡትም በኮኪት በር ነው። አጼ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጄን ከምሰጥ ብለው ራሳቸውን የሰዉት እዚያ ነው። መድፋቸው ሴባስቶፖል እስካሁን ሜዳው ላይ አለ። ፀሐይ ሞቆት ነበር፤ መዳፌን ሳሳርፍ የሰው ገላ ያህል ሞቀኝ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ቀልጦ የተሠራ ነው፤ ወደ 7 ቶን ይመዝናል። እሱን ለማሳለፍ ገደሉን እየናዱ መንገድ ሠሩ፣ ንጉሡም በእጃቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። ሰው መድፉን ያደንቃል፤ ለእኔ ግን ትልቁ ሥራ መንገዱ ነው።

ከዚያ የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 በቅሎ አስፈልጎ ነበር። ብራናው፣ ታቦቱ፣ ዘውዱ ሄደ፤ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁም ሄዶ በ18 ዓመቱ እዚያው አረፈ። የንጉሡ ጸጉር በ2011 ዓ.ም. ተመልሷል፤ ልጁ ግን ዛሬም ዊንዘር ነው የተቀበረው። አምባው ላይ ቁጭ ብዬ ይህን ሳስብ ንዴቴ እንባ ሆነ። ብቻ ብራናው ሎንዶንም ቢሆን አለ፤ አንድ ቀን እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል። የእርስዎ እጅ የሚያውቀው ግን የትም አልተጻፈም።

ግሸን አልደረስኩም፤ በመስከረም 21 ከእናቴ ጋር ልሂድ ብዬ ተውኩት። ስለቷን እኔ አደርስላታለሁ በሏት።

አሁን የምለምንዎትን ልንገርዎት። ወንድሜ ካዙላዎንና መዶሻዎቹን ለሰፈር ልጆች ልስጥ ብሎ ነበር አሉ፤ እባክዎ አይስጡ። ለጥምቀት እመጣለሁ። ልጄንም ይዤው እመጣለሁ፤ 14 ዓመቱ ነው፣ ድንጋይ መነካካት ይወዳል። የጓሮው አጥር የፈረሰበትን ቦታ ለሁለታችን ይተዉልን። እርስዎ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ እኛ እንሠራለን፣ እኔ ደግሞ በስልኬ እቀርጻለሁ። ኖራው ላይ ውሃ ሲፈስ ስንት ጊዜ መፍላት እንዳለበት፣ ስንት ቀን እንደሚያርፍ፣ አሸዋው በጣት ተሽቶ እንዴት እንደሚለይ፣ ድንጋይ ሲመታ በድምፁ ጤነኛውና የታመመው እንዴት እንደሚታወቅ፣ አንዱንም ሳያስቀሩ ይንገሩን።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ያስፈልጋል። ያ ከሩቅ ኖራ ያመጡልዎት የነበሩት ሰውዬ በሕይወት አሉ? እሳቸው ባይኖሩ ልጆቻቸው የት እንደሚያቃጥሉት ያውቁ ይሆናል። እህቴ ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ ትጠይቅ፤ ሁለት ኩንታል ይበቃናል፣ ገንዘቡን እልካለሁ።

ጉልበትዎን ብርድ እንዳያገኘው።

ልጅዎ