ለልጄ፦ ማርክስ፣ ዱርካይምና ዌበር ሲደበላለቁብሽ

ጅማ

ውድ ልጄ ሐያት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ቤት ሁሉም ደህና ነው። የሶሺዮሎጂ ቲዎሪው ስሞቹ እየተደበላለቁ አስቸገሩኝ ስላልሽኝ፣ የዛሬው ደብዳቤ ስለሱ ብቻ ይሁን። የሚደበላለቁብሽ የእያንዳንዱን ቃል ትርጉም ለየብቻ ስለምትሸመድጂ ይመስለኛል። ሰዎቹ ለአንድ ጥያቄ የተለያየ መልስ የሰጡ አይደሉም፤ ጥያቄያቸው ራሱ የተለያየ ነው። ስለዚህ በደንብ የምታውቂውን አንድ ነገር ያዢና እያንዳንዳቸው ምን እንደሚጠይቁበት እዪ። እኔ የሰፈራችንን ዕድር መርጬልሻለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልሽ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከዱርካይም ጀምሪ። በ1895 ባወጣው የዘዴ መጽሐፉ ውስጥ ማኅበራዊ ሀቅ የሚለው ነገር ከግለሰቡ ውጭ ያለና ግለሰቡን የሚያስገድድ ነው። ዕድሩ አንቺ ሳትወለጂ ነበረ፣ ደንቡን አላወጣሽውም፣ ከቀብር ብትቀሪ ትቀጫለሽ። መቀጮውን ከፍለሽም የጎረቤት ፊት ይጠቁርብሻል። አስገዳጅነቱ የሚታወቀው ሲጣስ ነው፤ ደንቡን ለሚያከብር ሰው የራሱ ፍላጎት ይመስለዋል።

የ1897ቱ ጥናቱ ራስን ስለ ማጥፋት ነው። ሁሉም ሰው የግል ጉዳይ የሚለውን ድርጊት መርጦ፣ የአንድ አገር ቁጥር ከዓመት ዓመት ብዙም እንደማይለዋወጥ፣ በፕሮቴስታንቶች ዘንድ ከካቶሊኮች፣ ባላገቡት ዘንድ ካገቡት እንደሚበዛ አሳየ። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል። ዱርካይም የሚያብራራው በቡድኖች መካከል ያለውን የመጠን ልዩነት ነው፤ አንድ የተወሰነ ሰው ለምን እንደሞተ አይነግርሽም። በፈተና ላይ የአንድን ሰው ታሪክ አምጥተሽ በሱ ቲዎሪ ብትፈቺው ስህተት ነው።

አኖሚ የሚለውንም፣ ማለትም የሰውን ፍላጎት የሚገድበው ደንብ መላላቱን፣ ድህነት ወይም ሥርዓት አልበኝነት ብቻ አድርገሽ አትያዢው። ዱርካይም በድንገተኛ ብልጽግናም ይመጣል ይላል። የቡና ዋጋ በአንድ ዓመት ሰማይ ቢነካ፣ ትናንት ለዚህ ሰው ይበቃዋል ይባል የነበረው ልክ ይፈርሳል፤ አዲሱ ልክ ገና አልተበጀም፤ ፍላጎት ገደብ ያጣል። እኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ለአገራችን የሚጠቅመው ይሄ ይመስለኛል፤ ችግርን ከማጣት ጋር ብቻ ማያያዝ ስለለመድን። በ1893 የለያቸውን ሁለት የመተሳሰር ዓይነቶች ግን ገልብጠሽ እንዳትጽፊያቸው፦ መካኒካል ያለው በመመሳሰል የሚተሳሰረውን የጥንቱን ኅብረተሰብ፣ ኦርጋኒክ ያለው በሥራ ክፍፍል የሚፈላለገውን ዘመናዊውን ነው።

ማርክስ ዕድሩ ዘንድ ብዙ አይቆይም፤ ቡና ወደሚለቀምበት መጋዘን ይሄዳል። ጥያቄው ማን ይሠራል፣ መሣሪያውና ምርቱ የማን ነው የሚል ነው። በ1844 ማስታወሻዎቹ ሠራተኛው ከአራት ነገሮች ይነጠላል ይላል። ቀኑን ሙሉ ቡና የምትለቅመውን ሴት አስቢ። ቡናው የሷ አይደለም። የሥራውን ፍጥነትና አኳኋን የምትወስነው እሷ አይደለችም። አስቦ መፍጠር የሚባለው የሰውነት ችሎታዋ ለዕለት ጉርስ መግዣ ሆኗል። አጠገቧ የተቀመጠችውም ጓደኛ መሆኗ ቀርቶ ተፎካካሪ ትሆናለች። ተማሪዎች የሚስቱት ይህን መነጠል የሐዘን ስሜት አድርገው ሲወስዱት ነው። ሴትየዋ እየዘፈነች ብትለቅምም ግንኙነቱ ያው ነው። ደግሞም ማስታወሻዎቹ በሙሉ የታተሙት በ1932 ነው፤ ዱርካይም በ1917፣ ዌበር በ1920 ሞተዋል። ስለዚህ ለነዚያ ማስታወሻዎች መልስ ሰጡ ብለሽ እንዳትጽፊ። እነሱ ሊያነቡት የሚችሉት ማርክስ እንደ 1867ቱ ካፒታል ያለውን ነው።

ዌበር ወደ ዕድሩ ይመለስና እያንዳንዱ ሰው ለምን መጣ ብሎ ይጠይቃል። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወይም ኮፍያቸውን ደፍተው ቀብር የሚሸኙ ናቸው። አንዱ ነገ የኔም ተራ ነው ብሎ አስልቶ ነው፤ ሌላው ሙት መቅበር በአላህ ፊት ግዴታ ነው ብሎ፤ ሦስተኛው ሟቹን ስለሚወድ አንጀቱ አልችል ብሎት፤ አራተኛው አባቱም ይሄድ ስለነበረ። አራቱን የድርጊት ዓይነቶቹን በዚህ ያዢያቸው። እውነተኛ ሰው ውስጥ ተቀላቅለው ነው የሚገኙት፤ ዌበር እንዲህ ለይቶ የሚያስቀምጠው ንጹህ ዓይነት፣ አምሳያ የሚባለው፣ እውነታውን የምናነጻጽርበት መለኪያ እንጂ መልካም ነገር ማለት አይደለም፣ ንጹሑን መልክም የትም አታገኚውም። ሥልጣንንም እንዲሁ ነው የሚለየው፦ ጅሬን ላይ ከቤተ መንግሥታቸው ይገዙ የነበሩት አባ ጅፋር የወረሱት ልማዳዊ ሥልጣን ነው፤ የዕድሩ ዳኛ የሚያዘው በተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ ነው፣ የሥራ ዘመኑ ሲያልቅ ሥልጣኑ ለተተኪው ያልፋል። ሦስተኛው፣ በመሪው ልዩ ጸጋ የሚታመነው፣ መሪው ሲሞት ወይ ወደ ልማድ ወይ ወደ ደንብ መለወጡ አይቀርም።

ወደ ራስ ማንነት ስትመጪ አሜሪካኖቹን፣ ኩሊን፣ ሚድንና ዱ ቦይስን፣ ያዢ። ኩሊ በ1902 ሦስት እርምጃ አስቀምጧል፦ ለሌላው ሰው ምን እንደምመስል አስባለሁ፣ ምን ብሎ እንደሚፈርደኝ አስባለሁ፣ ከዚያ እኮራለሁ ወይም አፍራለሁ። ልብ በዪ፣ ሁለቱም የኔ ግምት ናቸው፤ ሰውየው ጨርሶ አላየኝም ይሆናል።

ሚድ አንድ እርምጃ ይጨምራል። በባዶ ጀበና ቡና ቀጂ ሆና የምትጫወት ሕፃን በአንድ ጊዜ የአንድ ሰው ቦታ ትይዛለች። ኳስ የሚጫወት ልጅ ግን የአሥራ አንዱንም ቦታና ደንቡን በአንድ ጊዜ ጭንቅላቱ ውስጥ መያዝ አለበት። ያ የሁሉም ሰው አመለካከት አንድ ላይ ሲሆን ልጁ ራሱን ከውጭ ማየት ይጀምራል። ዱርካይም ከውጭ ያስገድዳል ያለው ደንብ እንዴት ወደ ውስጥ እንደሚገባ በደንብ የገባኝ በዚህ ነው፤ ሁለቱን አገናኝተሽ ጻፊ። የሚድ ዋና መጽሐፍ የወጣው ግን በ1934፣ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በአብዛኛው ከተማሪዎቹ ማስታወሻ ተሰብስቦ ነው፤ አንዷን ቃል ይዘሽ አትከራከሪ።

ዱ ቦይስን ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ ያወጡታል፤ አንቺ አታውጪው። በ1903 የጠየቀው፣ የሚያይሽ ኅብረተሰብ የሚንቅሽ ሲሆንስ የሚለውን ነው። ጥቁሩ አሜሪካዊ ራሱን በሌላው የንቀት ዓይን ጭምር እያየ ይኖራል፤ በአንድ አካል ውስጥ ሁለት ማንነት ይታገላሉ። ኩሊ ላይ ይህ የኃይል ጥያቄ ቀጭን ነው።

ጽሑፍሽን ስትጀምሪ በመጀመሪያው አንቀጽ ሦስት ነገር ወስኚ፦ የምታብራሪው ምንድን ነው፣ መጠን፣ ግንኙነት፣ ትርጉም ወይስ ማንነት? ለሱ የሚሆነው ማስረጃ ምን ዓይነት ነው? የመረጥሽውስ ሰው ይህን ጥያቄ ጠይቋል ወይ? ረቂቁን ሳታስተካክዪው ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።

አባትሽ