ፊያቷን እሺ ብያለሁ፣ መጋዝ ግን አይንካት

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን በጣም ናፍቀሻታል። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደምታውቂው ነው፤ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚነጋው።

የፊያቷን ሞተር በኮሮላ ሞተር ለመቀየር የላክሽልኝን ንድፍ ሦስት ቀን ሙሉ ሳየው ከረምኩ። በስልክ “አይሆንም” ብዬ የዘጋሁብሽ ከፍቶኝ ነው። የፊያቷን ሞተር የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። ወደ ፊያት ከመምጣቱ በፊት ለፌራሪ ሞተር ይሠራ የነበረ ሰው። የኛዋን የፊያት 124 ስፓይደር አካል ደግሞ ፒኒንፋሪና ነው ያወጣው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ቱሪን ላይ ነው ለሕዝብ የታየችው። ቴስታታው ላይ፣ ማለትም የሞተሩ ራስ ላይ፣ ቫልቮቹን የሚከፍቱ ሁለት ካምሻፍት አሉ፣ ሁለቱንም የሚያዞራቸው የጎማ ቺንጋ ነው። በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። እሱን አውጥቶ የኮሮላ ሞተር ማስገባት ከበደኝ።

ግን ብሎኩ፣ ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ ዋና አካል፣ ተሰንጥቋል። ያን ቀን አብረን ነበርን። ከሸዋ ሮቢት ስንመለስ ደብረ ሲና ቆሎ ገዝተን፣ የጣርማ በርን ዳገት ግማሽ እንደወጣን ነው እንፋሎቱ ከኮፈኑ የወጣው። ለምን እንደሆነ ያኔ አልነገርኩሽም። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ 90 አካባቢ ይፈላል። እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊቱን አፍኖ ስለሚያቆይ። የኛ ክዳን ጎማው አልቆ ነበር። አይቼዋለሁ፣ ነገ እቀይረዋለሁ ብዬ ተውኩት። አንድ ክዳን ሞተር በላ። ስለዚህ ለአዲሱ ሞተር መጀመሪያ የምትገዢው እሱን ነው።

ስለ ጉልበት የጻፍሽው ትክክል ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ባሕር ዳርቻ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። አሮጌው ካርቡራተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ቆላው ያፈሰዋል። ጭሷ ይጠቁር የነበረው ለዚያ ነው። አንቺ የመረጥሽው የኮሮላ ሞተር፣ ቶዮታ 4ኤ የሚለው፣ ቤንዚኑን የሚመጥነው በኮምፒውተር ነው፣ አየሩን እየለካ። መጠኑም 1,587 ሲሲ ነው፤ የኛዋ 1,608። ሚዛኗን አያናጋትም ብዬ አስባለሁ። እንግሊዞቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ኤምጂቢ በምትባል ስፖርት መኪናቸው ላይ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ሲጭኑ መኪናዋ አፍንጫዋን ያልደፋችው ሞተሩ አሉሚኒየም ስለነበረ ነው። ከበፊቱ ባለ 4 የብረት ሞተር ጋር ክብደቱ ተቀራራቢ ነበር። አንቺም ሁለቱንም ሞተር ሚዛን ላይ አውጪና የኪሎውን ልዩነት ንገሪኝ።

ናፍጣስ ቢሆን ብለሽ ከታች የጻፍሻትን አንብቤያለሁ። እሷን ሰርዣት። ምክንያቱን ለእናትሽ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

አንቺ ሳትወለጂ፣ ለአንድ ደንበኛ የቤንዚን መኪና ሞተር አውጥቼ የናፍጣ ገጠምኩ። ሞተሩ ተነሳ፣ ሰውዬው ደስ አለው፣ ሦስት ሰው ጭነን ለሙከራ ወደ ደብረ ሲና ወረድን። የጣርማ በርን ዋሻ እንዳለፍን ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ ድንጋይ ሆነብኝ። የፍሬኑ ሰርቮ እግርን የሚያግዘው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው ባዶነት ነው። የናፍጣ ሞተር ያንን አይሰጥም፤ ለብቻው የቫኪዩም ፓምፕ ይፈልጋል። እኔ አልገጠምኩለትም። በአንድ በኩል ገደሉ አለ፣ ጉሙ ደግሞ ሸፍኖታል። በሁለት እግሬ ቆሜበት፣ ማርሽ እየቀነስኩ፣ ጎኑን ከተራራው ጋር እያፋተግኩ አቆምኩት። ከወረድን በኋላ ማንም አልተናገረም። ሰዎቹ መንገድ ዳር ተቀመጡ። እኔ እጄ እየተንቀጠቀጠ ኮፈኑን ከፍቼ የሰርቮውን የተቆረጠ ቱቦ አየሁት። ራሴ ነበርኩ የቆረጥኩት።

ስለዚህ በንድፍሽ ላይ ፍሬን የሚለውን ከመጨረሻው ገጽ አንስተሽ መጀመሪያ ላይ አድርጊው። ፊያቷ አራቱም እግሯ ላይ ዲስክ አላት፣ ጥሩ ነው። ግን ሸራው፣ ቱቦው፣ ሰርቮው ሳይታደስ ሞተር አይገባም። ይህ የማልደራደርበት ነው።

ቀጥሎ ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ ነው። የኮሮላው ሞተር አግድም የተቀመጠና የፊት ጎማ የሚነዳ ነው። አንቺ በመኪናዋ ርዝመት ልታዞሪው ነው። ሲዞር ለሻማዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ወደ ኋላ ይሆንና ሞተሩንና ሰው መቀመጫውን የሚለየውን ላሜራ ይመታል። ይህን ንድፉ ላይ አላየሁትም። ካምቢዮውም ለኋላ ጎማ የተሠራ፣ ከዚያው ከ4ኤ ቤተሰብ የሆነ ይሁን። ላዳ ከፊያት 124 የተወለደች ናት፣ የላዳ ካምቢዮ ይሞከር ያልሺውን አልጠላሁትም፤ ግን ዘመድ ናቸው ማለት ብሎናቸው ይገጥማል ማለት አይደለም። ሳትለኪ እንዳትገዢ። ትራንስሚሲዮኑን፣ ከካምቢዮው ወደ ኋላ ኃይል የሚወስደውን ዘንግ፣ ቶርኖ ቤት ከማሳጠርሽ በፊትም ሞተሩና ካምቢዮው ቦታቸው ላይ ተቀምጠው ማዕዘኑ ይታይ። ማዕዘኑ ከተበላሸ የዘንጉ መገጣጠሚያ ክሮቼራው ይጮኻል፣ ወንበሩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። የዲፍሬንሻሉን ጥርስ ለመቁጠር መፍታት አያስፈልግሽም። ሁለቱንም የኋላ ጎማ በክሪክ አንሺ፣ እኩል አንድ ዙር አዙሪ፣ ትራንስሚሲዮኑ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሪ፤ የጥርሶቹን ንጽጽር እሱ ይነግርሻል።

የኤሌክትሪኩን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አሁን ልመናዬ። ንድፍሽ ላይ በቀይ ያሰመርሽው ቦታ አለ፣ ካምቢዮው እንዲያልፍ ወለሉ የሚቆረጥበት። እሱን አትቁረጪ። ሞተሩ የሚቀመጥበትን ድጋፍ፣ ሱፖርቶውንም አካሏ ላይ አትበይጂ። የፊያቷ የራሷ ቀዳዳዎች አሉ፣ በነሱ በብሎን የሚታሰር ሱፖርቶ አብረን እንሠራለን። ካምቢዮው አልገባ ካለ ሌላ ካምቢዮ እንፈልጋለን። ጊዜ አለን። ብሎን የተፈታ ቀን የድሮው ሞተር ተመልሶ መግባት አለበት። የተሰነጠቀ ብሎክ የሚያድን ሰው፣ ወይም ሌላ ብሎክ፣ አንድ ቀን ሊገኝ ይችላል። እኔ ባልደርስበት አንቺ ትደርሻለሽ።

ሞተሩን ትናንት አወጣሁት። ብቻዬን አይደለም፣ የጎረቤት ልጆች አግዘውኛል። በናፍጣ አጠብኩት፣ ሲሊንደሮቹን ዘይት ቀባኋቸው፣ በእናትሽ አሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጓዳ ውስጥ ጣውላ ላይ አስቀመጥኩት። ብሎኖቹ በቆርቆሮ ውስጥ ናቸው፣ የየት እንደሆኑ ጽፌባቸዋለሁ። የሞተሩ ቦታ አሁን ባዶ ነው፣ ጠርጌዋለሁ። ለእረፍት ስትመጪ የመለኪያ ካሊፐርሽን እንዳትረሺ፤ የኔው ጥርሱ አልቋል።

አባትሽ